ከሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በፊት የታየ ያልተለመደ ደም መልስ

ጠያቂ (ፒያሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የ68 ዓመቱ አባቴ በቀኝ ሳንባቸው የታችኛው ክፍል ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ ዕጢው ስላልተሠራጨ ያ ክፍል በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ተወስኖ ነበር። ሆኖም በኮንትራስት (የደም ሥሮችን በምስል አጉልቶ በሚያሳይ መድኃኒት) በተነሡት ሲቲ ስካን ላይ የዚያው ሳንባ የላይኛው ክፍል ደም መልስ ወደ ግራ ልብ በመግባት ፈንታ ከጭንቅላትና ከእጅ ደም ከሚያመጣው ትልቁ ደም መልስ ጋር እንደሚቀላቀል ታየ። አብሯቸው የተወለደ ነው ተባልን፤ እሳቸው ግን የልብ ሕመም አያውቁም። ሐኪማቸው የልብ ምርመራው ሳይጠናቀቅ ቀዶ ሕክምናውን እንደማያደርጉ ነግረውናል። ዕጢው ከታች፣ ደም መልሱ ከላይ ከሆነ ምን ያገናኛቸዋል?

መልስ፣ የደረት ቀዶ ሐኪም (ልደታ)፦
የሚያገናኛቸው የደሙ መጠን ነው። በተለመደው አፈጣጠር በሳንባ ኦክስጅን ያገኘው ደም ብዙውን ጊዜ በአራት ደም መልሶች ወደ ግራ ልብ ገብቶ ወደ ሰውነት ይረጫል፤ የአባትዎ የላይኛው ክፍል ደም ግን ወደ ቀኝ ልብ ስለሚመለስ እንደገና ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ማለትም ያለ ጥቅም ይዞራል። አንድ ክፍል ብቻ ሲሆን ልብ ጫናውን ስለሚችለው ብዙዎች ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። የታችኛው ክፍል ሲወጣ ግን ወደዚያ ይሄድ የነበረው ደም ወደ ቀሪዎቹ ክፍሎች ስለሚዞር፣ በተሳሳተው መንገድ የሚመለሰው ይጨምራል፤ የቀኝ ልብ ድካምም ሊከተል ይችላል። ዕጢውና ደም መልሱ በአንድ ክፍል ቢሆኑ ኖሮ አብረው ይወገዱ ነበር። ሐኪሙ መጠበቃቸው ትክክል ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። ታዲያ ምርመራው ምን ይፈልጋል?

መልስ፣ የልብ ሐኪም (ካዛንቺስ)፦
ሁለት ነገር። አንደኛው፣ እንዲህ ያለው ደም መልስ የላይኞቹን የልብ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ካለ ቀዳዳ ጋር አዘውትሮ ስለሚገኝ፣ ቀዳዳውም በደረት ላይ በሚደረግ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሊሰወር ስለሚችል፣ በጉሮሮ በኩል የሚደረገው ኤኮ ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛው፣ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ወደ ሰውነት ከሚሄደው ጋር ይነጻጸራል፤ 1.5 እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን በአብዛኛው እርማት ይታሰባል። ይህ መለኪያ ግን ሳንባቸው ላልተቀነሰ ሰዎች የወጣ ስለሆነ፣ ለአባትዎ ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም። እርማት ካስፈለገ ደም መልሱን ወደ ግራ ልብ ማዞር ይቻላል፤ ለዚህም የልብ ቀዶ ሐኪም አብሮ መኖር አለበት።

መልስ፣ የራጅ ሐኪም (ሜክሲኮ)፦
የውጤቱን ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሲቲ ስካኑን ሲዲም ለሐኪሞቹ ይውሰዱላቸው፤ ደም መልሶቹን አንድ በአንድ ተከታትለው የሚያዩት በምስሉ ላይ ነው።