ፓሪስ ውስጥ እራት መውጣት፦ ከኮምቦልቻ ለመጣ ጥያቄ

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ እህቴ ጋ ፓሪስ ልሄድ ነው። ሄጄም ቤት ዘግቼ እንጀራ ስበላ መክረም አልፈልግም። እነዚያን ቢስትሮ የሚሏቸውን የድሮ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ማየት ያምረኛል። ኪስ ይጎዳሉ? ሐራም ነገር እንዳልበላስ እንዴት ልጠንቀቅ?

መልስ (የደሴ ልጅ፣ ፓሪስ ነዋሪ)፦
አብሽር ወንድሜ። ለእረፍት መጥቼ ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራልህ በ1686 የተከፈተውን ፕሮኮፕ የተባለ ምግብ ቤት ወይም የ1880ውን ሊፕን ነው። ታሪካቸው ትልቅ ነው፤ ዋጋቸውም እንደዚያው። ለመጀመሪያ እራትህ ቡዮን ሻርቲዬ ይሻልሃል። ከ1896 ጀምሮ ሠራተኛውን በርካሽ ሲያበላ የኖረ ቤት ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ግን ይሄዳል። ከማታውቀው ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጡህ ይችላሉ፤ ለወሎ ልጅ ይሄ ምኑም አይደል። (ጉርሻ ግን አትሞክር።) አስተናጋጁ ሂሳብህን እዚያው ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው ወረቀት ላይ ይጽፈዋል።

እኔ ግን የምወደው የሰፈር ቢስትሮ ነው። የዕለቱ ምግብ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ ደስ ይበልህ፤ ትኩስ ይሠራሉ ማለት ነው። በአምስት ቋንቋ ፎቶ የለጠፈ ቤት ካየህ እለፈው።

ደሴ በፈለግከው ሰዓት ገብተህ «ምን አለ?» ትላለህ። እዚያ አብዛኛው ወጥ ቤት ከምሳ በኋላ ይዘጋል። እራት የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ወይም 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስትገባ «ቦንሷር» (እንደምን አመሸህ) በል፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ማዘዝ እዚያም ነውር ነው። ውሃ በጠርሙስ አትግዛ፣ «ካራፍ ዶ» ካልክ የቧንቧ ውሃ በነጻ ያመጡልሃል። ከ2022 ጀምሮ ይህንን ለደንበኛ ማሳወቅ በሕግ ግዴታቸው ነው። ዳቦውም ነጻ ነው። የአገልግሎት ክፍያ ዋጋው ውስጥ ስላለ ለአስተናጋጁ ቲፕ መስጠት በፈቃድህ ነው። ሂሳብ ካልጠየቅክ ማንም አያመጣልህም። ረስተውህ እንዳይመስልህ፤ እንግዳን «ተነሥ» ማለት ስለሚመስልባቸው ነው።

ወደ ሐራሙ ልምጣ። የአሳማ ሥጋ መኖሩ ከስሙ አይታወቅም። «ላርዶን» የሚሉት የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ሰላጣ ውስጥም ምስር ውስጥም ይገባል። ቡፍ ቡርጊኞን የበሬ ሥጋ ነው ብለህ ብታዝዘው የሚበስለው በወይን ጠጅ ነው፤ ላርዶንም አለበት። ዓሣም ቢሆን ስጎው ነጭ ወይን ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ «ኢልያ ዱ ፖር? ዱ ቫን?» (የአሳማ ሥጋ አለበት? ወይንስ?) ብለህ ጠይቅ፤ አይቆጡም። እንቁላል በማዮኔዝ ብታዝዝ ብዙም አትቸገርም። በሐላል ሥጋ የፈረንሳይ ምግብ የሚሠሩ ቤቶችም አሉ፤ እህትህ ሳታውቃቸው አትቀርም።

አስተያየት (የደሴ ልጅ፣ ሴት)፦
ጋሼ ጥሩ ብለዋል። ለእኛ ለጿሚዎቹ ግን ቢስትሮ ፈተና ነው። አትክልቱ ሁሉ በቅቤ ነው። እኔ ረቡዕና ዓርብ የባሮ ሽንኩርት በቪነግሬት (በዘይትና በአቼቶ ስጎ) ነው የማዝዘው፣ እንቁላል እንዳይነሰንሱበት ተናግሬ። እሱ ከሌለ ቤቴ ሽሮ አለ።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ ጋሼ፣ እህቴም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ብዙ ሆነን ከወጣን ማነው የሚከፍለው?

መልስ፦
ፈረንሳዮቹ ለየራሳቸው ይከፍላሉ፤ አስተናጋጁ የካርድ ማሽኑን ይዞ ጠረጴዛውን ይዞርላቸዋል። ከሐበሻ ጋር ከሆንክ ግን ያው እንደ ኮምቦልቻ ትግል ነው። መክፈል ካማረህ እጅ ልትታጠብ እንደሄድክ አስመስለህ ካርድህን ባንኮኒው ላይ ስጥ። እህትህ ግን የምትቀድምህ ይመስለኛል።