አያቴ ምጣዷን የምታሽበት ጥቁር ዱቄት ምን ነበር?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ አያቴ ቤት ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ አሁን ኮንዶሚኒየም ነን። በቀደም ለኤሌክትሪክ ምጣዴ አዲስ ሸክላ ገዛሁ። ሊጡ ደህና ቦክቷል፣ አብሲቱንም ጥያለሁ። እንጀራው ግን እየተጣበቀ አንድም ሙሉ አልወጣልኝ አለ። ያኔ አያቴ ትዝ አለችኝ። ስንት ዓመት አጠገቧ ቁጭ ብዬ እያየሁ እንዴት ሳልጠይቃት ቀረሁ?

ማድቤታችን ከቤቱ ጀርባ ነበር። የጭቃ ግድግዳው ጥቀርሻ ተጋግሮበት ሬንጅ የተቀባ ይመስላል። ግቢው ውስጥ አምስት ቤተሰብ ነበርን። ማድቤቱ የጋራ ነው፣ የምንጋግረው በተራ። የአያቴ ተራ ማክሰኞና ዓርብ ነበር። የጊዮርጊስ ደወል ሲሰማ ተነስታ እሳት ታያይዛለች። መጀመሪያ ጭራሮ፣ ከዚያ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ቅጠሉን የምትገዛው ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ አድርገው ከሚወርዱት ሴቶች ነው። ሸክሙ ከነሱ ይበልጣል። አያቴ ሁሉንም ነገር ተከራክራ ትገዛለች፣ እነሱን ግን አንድ ቀን ዋጋ ስትከራከር አላየኋትም። መጀመሪያ ውሃ ትሰጣቸዋለች።

ምጣዱ መስማቱን በምን እንደምታውቅ አላውቅም። ብቻ ታውቃለች። ከአሮጌ የወተት ጣሳ ጥቁር ዱቄት ቆንጠር አድርጋ ትበትንበታለች። ከዚያ በማሰሻ ጨርቅ ክብ ክብ እያደረገች ታሸዋለች። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጭስ ይነሳል። የመጀመሪያዋ ሊጥ የኔ እንጎቻ ናት። በርበሬና ዘይት፣ ጾም ካልሆነ ቅቤ ትቀባልኛለች። ጣቴን እያቃጠለኝ ነበር የምበላው።

ማታ ደግሞ ፍሙን አመድ ታለብሰዋለች። «ዳፍኚው እንጂ አታጥፊው» ትለኝ ነበር። ረመጡ ውስጥ ድንች ከቀበርን ለራት ይደርሳል። ጠዋት ጎረቤቶች «እሳት ልጫር» እያሉ ይመጣሉ። ማንንም ባዶ እጁን አልመለሰችም።

ያ ዱቄት ምንድነው? የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ባለሰፌድ

ጎመን ዘር ነው እህቴ። ቆላ አድርገሽ ትወቅጪዋለሽ። መርካቶም ሾላም ቅመም ከሚሸጡት ጋ ታገኚዋለሽ።

አንቺ ጋ ችግሩ ሸክላው ስላልተሟሸ ነው። አዲስ ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፣ ሊጡን የሚይዘው እሱ ነው። የጎመን ዘሩ ቅባት ሲገባበት ይደፈናል። መጀመሪያ በትንሽ እሳት አሙቂው፣ በአንዴ ካጋልሽው ይሰነጠቃል። ሲግል ዱቄቱን በትኚና በጥጥ ጨርቅ እሺው። ናይለን የተቀላቀለበት ጨርቅ ይቀልጥብሻል፣ አደራ። ጥረጊው፣ ድገሚው፣ ደግሞ ድገሚው። ቀዩ ሸክላ ጠቁሮ እስኪያብለጨልጭ ድረስ እጅሽ ይዛል፣ ቻይው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች የማሟሻ ናቸው፣ አትዘኚባቸው። ከዚያ በኋላ ምጣዱን ውሃና ሳሙና እንዳታስነኪው።

የአፍንጮ በር እናት

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ እንባዬ መጣ። አንድ ነገር ግን ልበልሽ። ያ ማድቤት የእናቴን ዓይን በልቷል። ቅጠል ጭሱ ብዙ ነው፣ መስኮት የለም፣ እሷ ደግሞ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ሌሊት ሌሊት ታስል ነበር። እኔ ኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛሁላት ቀን ቆማ ጋገረች። ወገቧን ይዛ፣ ቀና ብላ። ያን ቀን አልረሳውም። ናፍቆቱ ናፍቆት ነው፣ እኔም ይናፍቀኛል። ግን ልጆቻችን ስለ እንጎቻው ሲሰሙ ስለ ጭሱም ይስሙ።

ስለ ቅጠሉ ካነሳሽ፣ እናቴ «ባሕር ዛፍ ባይኖር አዲስ አበባ አትኖርም ነበር» ትል ነበር። እውነቷን ነው። በምኒልክ ጊዜ እንጨቱ ተጨፍጭፎ አልቆ፣ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ባሕር ዛፍ መጥቶ በቶሎ ስላደገ ነው እዚሁ የቀረነው።

ሰባ ደረጃ

የኛም ቤት ፈርሷል። አያቴ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ወደ ማድቤቱ ተመልሳ ገባች። ከሦስቱ ጉልቻ አንዱን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። «እናቴ ያስቀመጠችው ድንጋይ ነው» አለች። አራተኛ ፎቅ ድረስ እኔ ነኝ የተሸከምኩላት። አሁን በረንዳ ላይ አለ፣ ጀበናዋን ታስቀምጥበታለች።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማማ፣ ስለ ጭሱ ያሉት ልቤን ነካው። አያቴም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ነው የማስታውሳት። እኔ ልጅ ሆኜ ታለቅሳለች ብዬ አስብ ነበር።

ጎመን ዘሩን ቅዳሜ ገዝቼ እንደተባልኩት አሟሸሁት። ዱቄቱ ምጣዱን ሲነካ ያ ጭስ ተነሳ፣ ያው ራሱ። ማሰሻውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሦስቱ እንጀራ ተበላሸ። አራተኛው ዓይን አውጥቶ፣ ዙሪያው ራሱ ለቆ ተነሳ። ቀጥሎ ለልጄ እንጎቻ ጣልኩላት። በርበሬ ስለማትወድ ቅቤ ብቻ ቀባሁላት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዱቄቱ ተወቅጦ ስንት ጊዜ ይቆያል? የአያቴ ጣሳ ክዳን አልነበረውም፣ ሁልጊዜ እምድጃው ጥግ ነበር የሚቀመጠው።