የአይጥ ዕጢ ውስጥ ኦክስጅን ስለካ ንባቡ ለምን አይንቀሳቀስም?

ጠያቂ (ከዴንቨር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በኤሌክትሮን ፓራማግኔቲክ ሬዞናንስ (ኢፒአር፦ በማግኔትና በማይክሮዌቭ ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖችን የሚያይ ዘዴ) የአይጥ ዕጢ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ግፊት እየለካሁ ነው። መሣሪያው 1.2 ጊጋኸርዝ ላይ ይሠራል፤ የአይጡ እግር ላይ ባለው ዕጢ ውስጥ የከተትኩት የሊቲየም ፍታሎሲያኒን ክሪስታል ነው፤ ኦክስጅን ሲጨምር የክሪስታሉ የምልክት መስመር ይሰፋል፣ ግፊቱን የማነበውም ከዚህ ስፋት ነው። አይጡ በአይሶፍሉሬን (ማደንዘዣ ጋዝ) እንደተኛ እለካና ካርቦጅን (95% ኦክስጅን፣ 5% ካርቦን ዳይኦክሳይድ) እሰጠዋለሁ። የመስመሩ ስፋት ግን ፈቀቅ አይልም። ክሪስታሉ ሞቶ ይሆን? መለኪያውን ያስተካከልኩት ናይትሮጅንን 0፣ አየርን 160 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብዬ ነው።

ባለማግኔቱ፦ ወንድሜ፣ አይሶፍሉሬኑን የሚሸከመው ጋዝ ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ 100% ኦክስጅን።

ባለማግኔቱ፦ በቃ፣ አይጡ ገና ከመነሻው ኦክስጅን ጠግቧል፤ ካርቦጅን ምን ይጨምርለት? መነሻውን በ21% ኦክስጅን ለካ፣ ንባቡ እስኪረጋ ጠብቅ፣ ከዚያ ቀይር። ሙቀቱንም 37 ዲግሪ አካባቢ ያዝለት፤ በማደንዘዣ የተኛ አይጥ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ሰምና ወርቅ፦ የማይክሮዌቩን ኃይልም እየው። ኦክስጅን ሲያንስ የዚህ ክሪስታል መስመር በጣም ቀጭን ነው። ኃይሉ ከበዛ ወይም ሞዱሌሽኑ (መግነጢሳዊ መስኩ የሚወዛወዝበት መጠን) ከመስመሩ ስፋት ሲሶ ካለፈ መሣሪያው ራሱ መስመሩን ያሰፋዋል፤ ከ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች የወረደ ዕጢ ደህና መስሎ ይነበባል። ኃይሉን በግማሽ ቀንሰህ ድገመው። መስመሩ ከጠበበ ንባብህ ውስጥ መሣሪያው እጁን አስገብቷል ማለት ነው።

ነርሷ፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ፣ ጣት ላይ የምንሰካው ኦክሲሜትር ይህን አይነግረንም እንዴ?

ሰምና ወርቅ፦ አይነግረንም እህቴ። እሱ የሚያየው የደም ሄሞግሎቢን ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ ነው። ጣት ላይ 98% እያሳየ የዕጢው መሃል ወደ ዜሮ የተጠጋ ሊሆን ይችላል። ኦክስጅን ያጣ ሴል በጨረር ለመሞት እስከ ሦስት እጥፍ መጠን ስለሚፈልግ ነው ይህ ሁሉ ድካም።

የከፍታ ልጅ፦ ስለ 160ው ማንም ትንፍሽ አላለም! እሱ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 630 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ፣ የኦክስጅኑ ድርሻ 132 ገደማ ነው። ንባብህ ሁሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ተጋንኗል። አዲስ አበባ ቢሆን ደግሞ 120 አካባቢ ነበር። በየቀኑ ባሮሜትር እያየህ አስገባ። ጋዙን በውሃ የምታረጥበው ከሆነ በ37 ዲግሪ የእንፋሎቱን 47 አስቀድመህ ቀንስ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የክሪስታሉስ ነገር?

ባለማግኔቱ፦ ሳይሸፈን ሳምንታት ሰውነት ውስጥ ከቆየ ምላሹ ሊዳከም ይችላል፤ በሲሊኮን ውስጥ የሚያሽጉት ለዚሁ ነው። ሙከራው አብቅቶ አይጡ ከሞተ በኋላ ክሪስታሉን ሳታወጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ ለካ። ክሪስታሉ ደህና ከሆነ ንባቡ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት፤ ካልወረደ ያን ጊዜ ክሪስታሉን ጠርጥር።