እናቴ ከአራት ኪሎ ኢየሩሳሌም በእግሯ ጀምራለች፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

አራት ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሜሪላንድ መጥቼ አራት ኪሎ እማዬ ጋ ነኝ። ልመለስ ሦስት ሳምንት ቀረኝ። የእማዬ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ዘንድሮ ሁዳዴን ኢየሩሳሌም በእግር ሊደርስ ተነስቷል። የሚሄዱት ሁሉም በያለበት ሰፈር ነው። ማታ ሁሉም የተራመደውን በቴሌግራም ይልካል፤ አንድ ልጅ ይደምርና የት እንደደረሱ በካርታ ያሳያቸዋል። ከአዲስ አበባ ኢየሩሳሌም በቀጥታ መስመር ከ2,500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። 16 ሰው በቀን 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በ55 ቀን 2,640 ይሆናል፤ ለፋሲካ ይደርሳሉ።

ጭንቀቴ ሁለት ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ጠዋት ከቤት ወጥታ አራዳ ጊዮርጊስን ተሳልማ ትመለሳለች፤ የራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለትና ዳገት ያንገላታታል። ማታ ደግሞ «አንድ ቀን በአካል ሳልሳለማት እንዳልሞት» ትለኛለች። እሷ የኢትዮጵያ፣ እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው ያለን። ልውሰዳት? ወረቀቱ እንዴት ነው?

ቨርጂኒያ፦
ልጄ፣ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ስለረዳሁ በደንብ ልንገርሽ። አንቺ ቪዛ አያስፈልግሽም። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ሳትነሺ በፊት ኢንተርኔት ላይ የመግቢያ ፈቃድ መሙላት ግዴታ ነው፤ ክፍያው 25 ሼቅል ነው። እናትሽ ግን ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚጠየቀውም አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለውም እንደ እሳቸው ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በየዓመቱ ለፋሲካ ተሳላሚዎችን በቡድን የሚወስዱ አሉ። ከቡድን ጋር ቢሄዱ ይሻላል፤ ማደሪያውም አስጎብኚውም በዚያው ያልቅላቸዋል። ቲኬቱ ገንዘብ የሚመለስበት ይሁን፤ በጦርነቱ በረራ ሲቋረጥ አይተናል። ደግሞም አሮጌው ከተማ ድንጋይና ደረጃ ነው። ገዳማችን ዴር ሡልጣን የጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። መጀመሪያ ጉልበታቸውን አሳክሚ።

ሚኒያፖሊስ፦
እህቴ፣ እኔም የማኅበሩ አባል ነኝ። ከ16ቱ አንዱ እኔ ነኝ። ጽሑፍሽን ሳነብ እንባዬ መጣ። ያደግኩት ፒያሳ ነው፤ ግቢያችን ዛሬ የለም፣ ጎረቤቶቼ ከተማው ዳር ዳር ተበትነዋል። ማታ መጋዘን እሠራለሁ። በመደርደሪያዎቹ መሃል ስመላለስ በልቤ ከአራዳ ተነስቼ በአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ እወጣለሁ። ለወንድሜ የቤት ኪራይ የምልከው ከዚያው እርምጃ ነው። ትናንት ዐሥር ኪሎ ሜትር ሄጄ ልልክ ስል «ሥራ ላይ የሄድኩት ይቆጠር ይሆን?» ብዬ ከበደኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ለንደን፦
አይቆጠርም። ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ ለደሞዝ የሄድከው ሱባኤ አይሆንም። እውነት ለመናገር ጠቅላላ ነገሩ ያሳዝነኛል። ጉዞ ማለት ስንቁ፣ ድካሙ፣ እንግዳነቱ ነው። አባቶቻችን በሱዳንና በግብፅ በረሃ አቋርጠው ነው የሄዱት፤ መንገድ የቀሩት ስንት ናቸው! ስልክ ይዞ አራት ኪሎ መዞርና «ኢየሩሳሌም ደረስኩ» ማለት አንድ ነው?

ሚኒያፖሊስ፦
ቆሜ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ከዚህ የበለጠ እንግዳነት ከወዴት ላምጣ?

አምባሳደር፦
እኔ ደርሼ የመጣሁ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሮም ኖሬ አሁን አዲስ አበባ አምባሳደር ሰፈር ነኝ። ለንደን፣ ላሊበላንስ ምን ልትለው ነው? ወንዙ ዮርዳኖስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ጎልጎታ ይባላል። ኢየሩሳሌም መሄድ ላልቻለ የተሠራ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። እዚያ የተሳለመን ሰው «አልደረስክም» የሚል ቄስ አላየሁም።

ለንደን፦
ላሊበላ ታቦት ያለበት ቅዱስ ቦታ ነው። ከቴሌግራም ጋር አታወዳድሩት።

አምባሳደር፦
ያወዳደርኩት ናፍቆቱን ነው። አልጋ ላይ ያሉ አንዲት እናት በኮሪደር እየተደገፉ መቶ እርምጃ ልከዋል። እሳቸውንም አይቆጠርም በላቸው!

ቨርጂኒያ፦
ኧረ ተዉ፣ በጾም አትነታረኩ። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ቪዛ ነው። የባንክ ማስረጃ፣ የግብዣ ወይም የቡድኑ ደብዳቤ፣ የመመለሻ ቲኬት ይዘጋጅ። ፓስፖርታቸው ከመመለሻቸው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን።

አራት ኪሎ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘንድሮ ለፋሲካ እንደማይደርስልን ገብቶኛል። እማዬን ወደ ድልድዩ አትውረጂ ብያት አሁን ሥላሴ ግቢ ውስጥ ሜዳ ሜዳውን ትዞራለች። የሚኒያፖሊሱን ጥያቄ አነበብኩላት። «ልጄ ሌሊቱን ቆሞ ያደረው? በደንብ ይቆጠር እንጂ» አለች። ሌሎቹ ግን ገና አልተስማሙም፤ ለወሩ 16 ስንሰበሰብ ይነሳል። ዛሬ ሰባተኛ ቀናችን ነው፤ 336 ኪሎ ሜትር ሆነን ደብረ ታቦር በግራ፣ ላሊበላ በቀኝ ሆነዋል። እናቶቹ ይሄን ሲሰሙ «ወደ ቀኝ ታጥፈን ሳንሳለም አናልፍም» ብለው ልጁን ካርታውን አስቀይረውታል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ጋሼ። የባንክ ማስረጃው በእኔ ስም ይሁን ወይስ በእሷ?