ያገባች ሴት በድሮዋ ቻይና፦ በእርግጥ ከአባቷ ቤት «ተቆርጣለች»?

የአራዳ ልጅ፦ ዛሬ ሬዲዮ ላይ አንድ ተንታኝ «በቻይና ባህል ሴት ልጅ ካገባች ከወላጆቿ ተቆርጣለች፤ የተደፋ ውሃ ናት ይሏታል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። በጣም ነው የተናደድኩት። ተረቱ አለ፣ አልክድም። ግን ሙሽራዋ በሦስተኛው ቀን ከባሏ ጋር ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች፤ በአዲስ ዓመት ሁለተኛ ቀንም ልጆቿን ይዛ ትሄዳለች። የተቆረጠ ሰው እንዲህ ይመላለሳል?

ጠበቃው፦ እንግዳም ይመላለሳል። ሕጉን እዪው እስቲ። ያላገባች ልጅ ለአባቷ የሦስት ዓመት ሐዘን ትይዛለች፤ ካገባች አንድ ዓመት ብቻ። ሦስቱ ዓመት ለባሏ ሆነ። ከሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (1368–1644 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ባሏ ሞቶባት ሌላ ካገባች፣ ከአባቷ ቤት ይዛ በመጣችው ንብረት ላይ እንኳ የሚያዙት የሟቹ ቤተሰቦች ናቸው። ተቆርጣለች።

ጎጃሜው፦ የሦስተኛው ቀን ነገር እኮ የእኛው መልስ ነው!

ጠበቃው፦ አታምታታ ወንድሜ። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ከእናትም ከአባትም ርስት ትካፈል ነበር። እዚያ መሬቱ የወንዶቹ ነው።

ጎጃሜው፦ በወረቀት ትካፈላለች፤ ስንቷን ወንድሞቿ አባረዋት የለም? የአገርህን በደል አትሸፍን።

የአራዳ ልጅ፦ ወደ ነገራችን። ሕግ ከወደድክ እኔም ሕግ ልጥቀስልህ። በ653 እ.ኤ.አ. የወጣው የታንግ ሥርወ መንግሥት ሕግ ባል ሚስቱን የሚፈታባቸውን ሰባት ምክንያቶች ያውቃል፤ ነገር ግን የምትመለስበት የወላጅ ቤት የሌላትን፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ እንዳይፈታት ይከለክለዋል። እንግዲህ ሕጉ ራሱ የአባቷን ቤት መጠጊያዋ አድርጎ ቆጥሮታል። ከተቆረጠች ወዴት ነው የምትመለሰው?

ጠበቃው፦ ስትባረር! ይህን ነው ዝምድና የምትዪው? ድሮ አመፀኛ ሲያዝ ዘመዶቹም አብረው ይገደሉ ነበር፤ በ255 እ.ኤ.አ. ጓንቺዩ ጂየን የተባለ የጦር አዛዥ ያስነሳው አመፅ ከከሸፈ በኋላ፣ ቼንግ ሺየን የተባለ ሹም ያገባች ሴት በባሏ ቤት ጥፋት እንጂ በአባቷ ወገን ጥፋት መቀጣት የለባትም ብሎ ተከራከረ፤ ሕጉም ተለወጠ። «ተቆርጣለች» ለማለት ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?

የአራዳ ልጅ፦ እስከዚያ ድረስ እኮ በሁለቱም ወገን ነበር የምትገደለው! ያ ክርክር ነፍሷን አዳነ እንጂ እናቷን አላስረሳትም።

ሰናይት፦ ሁለታችሁም አጎትየውን ረሳችሁት። በብዙ አካባቢ እናት ስትሞት ወንድሞቿ መጥተው አስከሬኗን ሳያዩ የሬሳ ሳጥኑ አይታሸግም ነበር። ተመትታ ወይም ተርባ ሞታ እንደሆነ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። ታይዋን ውስጥ «በሰማይ የሰማዩ ጌታ፣ በምድር የእናት ወንድም» ይባላል። አማቶቿ የሚፈሩት ወገን እያላት እንዴት ተቆረጠች ይባላል?

ታዛቢ፦ ወንድሞቿን መላእክት አታድርጓቸው። ባሏ የሞተባትን እህታቸውን ለገንዘብ ሲሉ በግድ የሚድሩ ነበሩ። የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት፣ የቺንግ፣ ሕግ ቅጣት ሲደነግግ የባሏን ዘመዶች ብቻ ሳይሆን የራሷን ወላጆችም የጠቀሰው ለዚህ ነው።

ሰናይት፦ እሺ፣ ክፉ ወንድምም ዘመድ ነው! ከተቆረጠች በምን ሥልጣኑ ነው የሚድራት?

ጓንግዡ ያለሁት፦ እኔ ያለሁበትን ክፍለ ሀገር ጨምሩበት። ሹንደና ፓንዩ በሚባሉ ወረዳዎች ውስጥ ሙሽራዋ ከሠርጉ በኋላ ወደ ወላጆቿ ተመልሳ ሦስት ዓመት ያህል ትቀመጥ ነበር፤ ባሏን የምታየው በበዓል ነው። የሐር ሥራ ስለነበር የእጇን ታገኛለች። ተንታኙ ስለየትኛዋ ቻይና እንደሚያወራ መጀመሪያ ይንገረን።

ጠበቃው፦ ጥቂት ወረዳ ይዘህ አገሩን አትፍረድ። ካልተቆረጠች በ1930 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የውርስ ሕግ ያገባችም ልጅ እኩል ትወርሳለች ማለት ለምን አስፈለገው?

የአራዳ ልጅ፦ መሬት ስለተከለከለች ነዋ! መሬት መነፈግ በደል ነው፤ መቆረጥ ግን ሌላ ነው። የባሏ ቤተሰብ የዘር መዝገብ ላይ እንኳ የምትጻፈው በአባቷ ቤተሰብ ስም ነው።

ጠበቃው፦ የራሷስ ስም የት ገባ? አብዛኛው መዝገብ ላይ ያለው የአባቷ ቤተሰብ ስም ብቻ ነው።

የአራዳ ልጅ፦ እሱ ሌላ ክስ ነው፤ እኔም እከስበታለሁ። ተንታኙ ያለው ግን «ተቆርጣለች» ነው፤ እሱን አላስረዳህም።

ጠበቃው፦ ሐዘኑን፣ መሬቱን፣ ንብረቷን ቆጥሬልሻለሁ። አንቺ ግን ስለ ንብረቷ እስካሁን አንድ ቃል አልመለስሽልኝም።