ከስካይ ደሴት እስከ ቪክቶሪያ፦ የስኮትላንድ ዘር ለመፈለግ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜልበርን ነው። የባለቤቴ ቅድመ አያቶች በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከስኮትላንድ፣ ስካይ ከሚባል ደሴት ተነስተው እዚህ አውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ግዛት ገቡ ይባላል። የቤተሰቡ ስም ማክዶናልድ ነው። አማቴ 80 ሊሞላቸው ስለሆነ ታሪኩን አሰባስቤ ልሰጣቸው አስቤያለሁ። አንሴስትሪ፣ ፋይንድማይፓስት፣ ማይሄሪቴጅ የሚባሉ የዘር መፈለጊያ ድረ ገጾች አየሁ፤ ሁሉም ክፍያ አለባቸው። የሞከራችሁ ካላችሁ በየቱ ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው በአንዳቸውም አትጀምሪ። እኔም በባለቤቴ ወገን እንዲህ ዓይነት ፍለጋ ላይ ነኝ። ስካይ ላይ ማክዶናልድ ብሎ መፈለግ መርካቶ መሃል ቆሞ «አበበ!» ብሎ እንደመጣራት ነው። ሁሉም ዞር ይላል። መጀመሪያ ሰበካውንና የእናትየውን ስም ያዢ። እነሱ ደግሞ ያሉት እዚሁ አውስትራሊያ ወረቀት ላይ ነው።

ቪክቶሪያ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረችው በጁላይ 1853 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የድሮ የሞት ምስክር ወረቀቷ ጉድ ነው። የሟች አባትና እናት፣ የትውልድ ቦታ፣ በቅኝ ግዛቱ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ የት እንዳገባ፣ የልጆቹ ስምና ዕድሜ፣ ሁሉም ይጻፍበታል። ማውጫውን በነጻ ትፈልጊያለሽ፤ ለቅጂው ትከፍያለሽ። ገንዘብ የማወጣው መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ የተጻፈውን የተናገረው ሟቹ አይደለም። ልጅ ወይም ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ የአያቱን ስም በግምት ተናግሮ ይሆናል። ስለዚህ ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር አስተያዪው፤ እዚያ ላይ ሰውየው ስለራሱ ነው የተናገረው።

ከዚያ ትሮቭ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፣ የድሮ ጋዜጦችን አገላብጦ ይፈልግልሻል። ማሽን ያነበበው ስለሆነ ፊደል ይሳሳታል፤ ማክ የሚለውን በየዓይነቱ እየጻፍሽ ሞክሪ። የሞት ማስታወቂያዎቹ መጨረሻ ላይ አንዳንዴ «የአገር ቤት ጋዜጦች ይህንን ያትሙልን» የሚል መስመር ታገኛለሽ። ያኔም ለካ አገር ቤት ይባል ነበር! እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ላይ የሟቹ የትውልድ ሰበካ ከተጻፈ ግማሹ ሥራ አለቀ።

መርከቡን በተመለከተ፣ የቪክቶሪያ መዝገብ ቤት (ፐብሊክ ሪከርድ ኦፊስ) ነጻ ማውጫ አለው። በመንግሥት ድጋፍ የመጡት ከ1839 እስከ 1871 ለብቻ ተቀምጠዋል። በራሱ ገንዘብ የመጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከስም፣ ከዕድሜና «ስኮትላንዳዊ» ከሚል በቀር ብዙም አይገኝለትም። ደሃ ሆኖ መምጣት ለታሪክ ጠቀመ ማለት ነው።

የእናንተ ሰዎች በእርግጥ ከስካይ በዚያ ጊዜ ከመጡ ዕድለኞች ናችሁ። ከ1846 ጀምሮ ድንች በበሽታ ሲጠፋ ደጋማው ስኮትላንድ ተራበ። የሃይላንድና አይላንድ የስደት ማኅበር ከ1852 እስከ 1857 ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎችን ወደ አውስትራሊያ ላከ። ዝርዝሩ በቤተሰብ በቤተሰብ ነው፤ መርከብ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ መኖሪያ። የሚገኘው ስኮትላንድስፒፕል ላይ ነው።

ስኮትላንድስፒፕል የስኮትላንድ መንግሥት የራሱ ድረ ገጽ ነው። ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ማውጫውን በነጻ ፈልገሽ፣ ለምታወጪው ምስል ብቻ በክሬዲት ትከፍያለሽ። የመንግሥት ምዝገባ እዚያ የተጀመረው በ1855 ስለሆነ ለእናንተ የሚያስፈልገው የሰበካ መዝገብ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን የያዘችው የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሴት ብታገባም በሰነድ ላይ በአባቷ ቤት ስም ትጻፋለች፤ እኛም ይህንን እናውቀዋለን። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባት አባት፣ ሁለተኛው በእናት አባት ስም መጠራቱም የተለመደ ነው። ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ግን ከብዙ ዶናልዶች መሃል የእናንተን ለመለየት ይረዳል።

ሌላ መልስ፦ እኔ ግን አንሴስትሪን አልንቀውም። የሌሎች ሰዎች የዘር ሐረግ እዚያ ተሰርቶ ተቀምጧል፤ ዲኤንኤም አለው። እህታችን ጊዜ ከሌላት አቋራጭ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዲኤንኤው እስማማለሁ፤ ደግሞ ናሙናውን ባልየው ሳይሆን አማትየው ቢሰጡ ይሻላል፣ ፍለጋው በእሳቸው ወገን ከሆነ አንድ ትውልድ ይቀርባል። የሰዎች የዘር ሐረግ ግን አንዱ የተሳሳተውን ሌላው እየገለበጠ የሚሄድ ነው። ፍንጭ አድርጊው እንጂ አትመኚው። የስኮትላንድን የሰበካ መዝገብ ዋናውን ምስል እዚያ አልጠብቅም፤ በአብዛኛው የተገለበጠ ጽሑፍ ነው። ለማንኛውም አንሴስትሪንም ፋይንድማይፓስትንም ስዋንስተን ስትሪት ስቴት ላይብረሪ ገብተሽ በነጻ መጠቀም ስትችይ ለምን ትከፍያለሽ? ማይሄሪቴጅን ለዚህ ጉዳይ እዘለዋለሁ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ስኮትላንድ ያለ ባለሙያ መቅጠርስ?

መልስ፦ አሁን አይደለም። የስካይ ሰበካዎች መዝገብ አብዛኛው የሚጀምረው ከ1800 ወዲህ ነው፤ ባለሙያም ቢሆን ከዚያ በላይ ብዙ አይገፋም። ያንን ገንዘብ አስቀምጪና ኖርዝ ሜልበርን፣ ሺል ስትሪት ወዳለው መዝገብ ቤት ሂጂ። የኑዛዜና የውርስ ፋይሎች ከ1841 እስከ 1925 በኦንላይን በነጻ ታገኛለሽ። ቤተሰቡ ከመንግሥት የእርሻ መሬት ወስዶ ከነበረ ግን የመሬት ፋይሉ አያምልጥሽ። አጥሩ ስንት እንደፈጀ፣ ቤቱ ከምን እንደተሰራና ስፋቱ፣ ስንት ኤከር እንደታረሰ ገበሬው ራሱ የሞላው ቅጽ አለበት። አማትሽ ከሁሉም የሚወዱት እሱን ይመስለኛል። ወረቀቱን ቀድመሽ በኦንላይን እዘዢ፤ ዝም ብለሽ ከሄድሽ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ።