የአባቴ ብፌ በኮንዶሚኒየም በር አይገባም፣ ዲዛይናችንን እንዴት እንቀይር?

የማርቆሱ አናጢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ደብረ ማርቆስ ነው፣ አያቴ የጀመረው የእንጨት ቤት አለን፣ አሁን አባቴ ይዞታል እኔና ወንድሜም ገብተንበታል። አባቴ የሚታወቀው በዋንዛ ብፌና በቁም ሳጥን ነው፣ ያኔ ትዳር የሚይዝ ሰው ብፌ ያሰራና ብርጭቆውንም ቴሌቪዥኑንም እዛው ላይ ያደርግ ነበር። አሁን የሚመጣው ደንበኛ ሌላ ነው፣ ወይ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ነው ወይ አንድ ክፍል ተከራይቶ ነገ ባህር ዳር ልዛወር እችላለሁ የሚል ሰራተኛ፣ ስልኩን አውጥቶ ከቲክቶክ ፎቶ ያሳየንና እንዲህ አርጉልኝ ይላል፣ ፎቶው ላይ ያለው ደግሞ ሁሉም ኤምዲኤፍ የሚባለው የፋብሪካ ጣውላ ነው። አባቴ ኤምዲኤፍ መንካት አይፈልግም፣ ይሄ ወረቀት እንጂ እንጨት አይደለም ይላል። እኔ ደግሞ ደንበኛው እየሸሸን ነው እላለሁ። የአባቴን ሙያ ሳንጥል ዲዛይኑን እንዴት እናሻሽል? በዚህ ያለፋችሁ ንገሩኝ እስቲ።

ጣና ዳር እንጨት፦
ወንድሜ እኛም ባህር ዳር ላይ ያው ነው የገጠመን። መጀመሪያ የእንጨቱን ክርክር ተወውና ሰው አሁን ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር እየው። የድሮው ቴሌቪዥን ኋላው ትልቅ ስለነበር ማስቀመጫው 50 እና 60 ሳንቲም ጥልቀት ይፈልግ ነበር፣ አሁን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ከስር 35 ሳንቲም ይበቃል፣ የተረፈው ለመተላለፊያ ይሆናል። ቁም ሳጥን ግን በጥልቀት እንዳታሳንስ፣ የልብስ መስቀያው ራሱ 40 እስከ 45 ሳንቲም ስለሆነ ውስጡ 55 ካልሆነ በሩ ልብሱን ይይዘዋል።

ዋናው ነገር ግን መፈታቱ ነው። አልጋ ድሮም ይፈታል፣ ቁም ሳጥን ለምን አይፈታም? ኮላ ፍሬሙ ላይ ብቻ ቀባ፣ ጎንና ጎኑን ግን በ8 ሚሊ ብሎንና በዳዶ እሰረው፣ ባለቤቱ 13 ቁጥር ቁልፍ ይዞ ራሱ ፈቶ ደረጃውን ያወጣዋል። አባትህ እዚህ ላይ ትልቅ እውነት አላቸው፣ ኤምዲኤፍ ተፈጭቶ በሙጫ የተጨመቀ እንጨት ስለሆነ ጠርዙ ላይ የገባ ቪቴ አንዴ ከወጣ ሁለተኛ አጥብቆ አይዝም፣ ስለዚህ ሁሉን በኤምዲኤፍ የሰራኸው እቃ ሁለት ቤት ሲቀይር ይወላልቃል። ብሎን የሚያልፍበት ፍሬምና እግሩ ዋንዛ ይሁን፣ መደርደሪያውና ሰፊው በር ኤምዲኤፍ ይሁን፣ ሰፊ ነገር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ 122 በ244 የሆነውን ጣውላ አስበህ ከቆረጥክ ደግሞ ብዙ አይባክንም። ይሄን ስል አባትህ የሚሰሩት ፍሬም ነው እቃውን ለዚህ ዘመን የሚያደርገው እያልኩ ነው፣ እንደዛ ብለህ ንገራቸው።

የዳሞት ልጅ፦
እኔ አናጢ አይደለሁም ደንበኛ ነኝ፣ ከፍኖተ ሰላም ነኝ አሁን ባህር ዳር ተከራይቼ ነው የምኖረው። እባካችሁ ፎቶውን ብቻ አትዩ። ከስልክ የምናሳያችሁ ጠረጴዛ ቡና ለሚፈላበት ቤት አልተሰራም፣ ሶፋው ክፍሉን ሞልቶት ረከቦቱ የሚቀመጥበት ቦታ ይጠፋል። እኔ የምፈልገው ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ከስሩ አራት ዱካ የሚገባበት ነው፣ ማኅበር ሲደርሰኝ ወይ ሰው ሲበዛ አወጣቸዋለሁ፣ ሌላ ቀን ከስር ናቸው። ደግሞ ወለል በውሃ ነው የምናጥበው፣ ኤምዲኤፉ መሬት ከነካ ከስሩ ያብጥና አይመለስም፣ እግሩን 15 ሳንቲም ከፍ አርጉልን መጥረጊያም ይገባል። ይሄን የሚጠይቀኝ አናጢ ባገኝ ሌላ ቦታ አልሄድም።

ሞጣ፦
ልጄ፣ አባትህን ኤምዲኤፍ ካልያዝክ ብለህ አታስጨንቃቸው፣ እንዲህ ያለ ቁም ሳጥን ብሎኑ የት የት ቢገባ ይሻላል ብለህ ጠይቃቸው፣ ሙያተኛ ሰው እንደዚህ ሲጠየቅ እጁ ራሱ ይሰራል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ዋንዛ እንደ ድሮው አይገኝም፣ ገበሬውም ማሳው ላይ ያለችውን ለጥላም ይፈልጋታል፣ ስለዚህ ለማይታየው ክፍል ግራቪሊያ የሚባለውን ዛፍ ልመዱ። ባህር ዛፍ በየቦታው ሞልቷል ግን እርጥቡን ከሰራችሁት ይጣመማል ይሰነጠቃል። ወፍራም ጣውላ በጥላ ሲደርቅ በግምት ለ2.5 ሳንቲም ውፍረት አንድ ዓመት ይፈልጋል፣ ደንበኛው ደግሞ በሳምንት አድርሱልኝ ይላል፣ እንግዲህ እንጨቱን ቀድሞ ገዝቶ በመደዳ ደርድሮ የሚያደርቅ ቤት ነው በሳምንት ማድረስ የሚችለው። ክረምት ላይ ከገዛችሁት በተለይ ተጠንቀቁ።

የማርቆሱ አናጢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያገዛችሁኝ። ለአባቴ አነበብኩለት፣ ብሎኑ የሚለው ላይ ዝም ብሎ ቆየና መሮውን አንስቶ በተረፈ ዋንዛ ላይ ቀዳዳ መሞከር ጀመረ። እህቴ የአንቺንም ጠረጴዛ ከነዱካዎቹ እንሞክረዋለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ፣ የብሎኑ ራስ ውጪ ሲታይ ያስጠላል የሚል ደንበኛ አለ፣ በምን ትሸፍኑታላችሁ?

ጣና ዳር እንጨት፦
ራሱ ገባ ብሎ እንዲቀመጥ ቀዳዳውን አስፋውና ከዛው ዋንዛ ክብ ክዳን ቁረጥለት፣ ኮላ እንዳትቀባው ብቻ፣ ሲፈታ መውጣት አለበት።